የስለቱ ስንዴ በውሃ ወፍጮ ቤት

በ፲፱፻፲፯ ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ወንዙ ግን ገና ሳይጎድል፣ ከአራዳ ተነሥተን የውሃ ወፍጮ ለማየትና እህል ለማስፈጨት ከነቤተሰባችን ሄድን። ውለን ልንመለስ ነበር፤ ሁለት ቀን ሆነብን። ከጊዮርጊስ ደጅ ርቀው ለማይሄዱ ጎረቤቶቼ ነገሩን ብዙ ጊዜ አወራሁላቸው። ባወራሁት ቁጥር አንዳንዱ እየቀረብኝ አንዳንዱ እየተጨመረብኝ ስለሄደ እንደሆነው ልጻፈው አልኩ።

ከመንገዱ በፊት ስለ ስንዴው መናገር አለብኝ። ልጄ አስካለ በሁለት ዓመቷ ትኩሳት ይዟት ሰባት ቀን ዓይኗን ሳትገልጥ ቀርታ ነበር። ያን ጊዜ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተሳልኩ። ከተረፈችልኝ በየዓመቱ ለጥቅምቱ በዓል አንድ ቁና ስንዴ በገዛ እጄ ለቅሜ ለመገበሪያ አስገባለሁ አልኩ። ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆን ስንዴ እንደ ቤት እህል አይደለም። የተሰበረ፣ ነቀዝ የነካው፣ ሌላ ዘር የገባበት አይሆንም፤ ፍሬ በፍሬ ይለቀማል። የሚፈጨውም በቤተ ልሔሙ፣ ለዚያ ብቻ በተለየ ድንጋይ ነው። ሌላ ወፍጮ ከነካው አይገባም። አስካለ ተረፈች፤ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስድስት ጊዜ አስገብቻለሁ፤ ይህ ሰባተኛው ነበር።

በዓሉ እሑድ ስለሚውል የቤተ ልሔሙ አባት ስንዴውን ዓርብ ጠዋት አድርሺ ብለውኝ ነበር። ለቅሜ ጨርሼ በነጭ ስልቻ ከተትኩት። አፉን በአስካለ የክርስትና ልብስ ቅዳጅ አስሬ፣ ማንም እንዳይረማመድበት ከቤቱ አግዳሚ ላይ ሰቀልኩት።

ባለቤቴ አቶ ደምሴ አራዳ ገበያ አጠገብ ልብስ ይሰፋሉ። ልጅ ሳሉ አባታቸው ወደዚያ የውሃ ወፍጮ አንድ ቀን ወስደዋቸው ነበርና ከዚያ ወዲህ ሲያወሩት ይኖራሉ። ዘንድሮ የቀኝ ትከሻዬ ከመፍጨት ብዛት አልነሣ ሲለኝ፣ ከበዓሉ በፊት የቤቱን እህል እዚያ እናስፈጭ፣ አንቺም እጅሽን አሳርፊ አሉኝ። እኔ ሥራ ፈትቶ መዋል አይሆንልኝም። ያም ሆኖ አስካለ ስትዘል አይቼ እሺ አልኩ።

ረቡዕ

ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። አህዮቹ ተጭነው ቆመው አገኘኋቸው። ሌላ ጊዜ ጭነት የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ ዛሬ ግን ባለቤቴ ምንም አትንኪ፣ እንግዳ ነሽ ብለው ከለከሉኝ። ቤቱ ጨለማ ስለነበር ወደ ላይ ሳላይ በሩን ሳብኩት። ይኼንን በኋላ ብዙ ጊዜ አሰብኩት።

አማቴ እመት ጥሩነሽ በበቅሎ፣ እኛ በእግር፣ አስካለ ደግሞ አንዴ በበቅሎው አንዴ በእግሯ ሆና ቁልቁል ወረድን። ፍልውሃ ስንደርስ ነጋ። እንፋሎቱ ውስጥ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ወዴት ናችሁ አሉን፤ ወፍጮ ልናይ ስንላቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሴት ልጅ ቤቷ ያለውን ወፍጮ ሽሽት ትወጣለች እንጂ ልታይ አትሄድም መሰለኝ ሐሳባቸው።

ከባቡር ጣቢያው ማዶ ሜዳው ተከፈተ። በአራዳ ሰው ሳይገፋኝ አንድ ዕርምጃ ስሄድ አላውቅም፤ እዚያ ደግሞ የሚገፋኝ ጠፍቶ እግሬ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። አንድ ነገር የረሳሁ እየመሰለኝ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ዞርኩ። በሩን ዘግቻለሁ። እሳቱን አዳፍኛለሁ። የረሳሁትን ግን ማግኘት አቃተኝ።

ድንገት ባቡሩ ሲጮህ አንዱ አህያ ደንግጦ ረግረግ ውስጥ ገባ፤ ጭነቱም ተንሸራተተ። በቅሎዋም ተወናጭፋ አማቴ አንገቷን አቅፈው ቀሩ። ባለቤቴ እናታቸውን አልፈው ወደ አህያው ሮጡና በጋቢ የተጠቀለለ አንድ ነገር እንደ ሕፃን አቅፈው ወጡ። አማቴ በቅሎዋ ላይ ተቃንተው፣ እኔ ጭቃ ውስጥ ብወድቅ ኖሮ እንዲህ ትሮጥልኝ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ሳቁ። በጋቢው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ስንደርስ ታዪዋለሽ አሉኝ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ፈክቶ ነበር። ለእኔ የሰፉልኝ ልብስ መሰለኝ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ወፍጮው ሳይታየን ድምፁ ደረሰን። ውሃው ከወንዙ በቦይ ተጠልፎ መጥቶ በእንጨት ገንዳ ሲወርድ አንድ ትልቅ የእንጨት መዘውር ያዞራል። መዘውሩ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ባለቤቴ በልጅነታቸው ያዩት እሱው ነው፤ አልተለወጠም ብለው በእጃቸው ነኩት። ቤቱ ከነመሬቱ ይንቀጠቀጣል። ባለ ወፍጮው አቶ ሰይድ ቅንድባቸው ድረስ በዱቄት ነጥተው ወጡና ተቀበሉን። እሳቸውና ሚስታቸው ዘይነባ የወሎ እስላሞች ናቸው፤ ወፍጮው ከተተከለ ጀምሮ የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው።

እህሉ ከላይ እንጨት ሣጥን ውስጥ ይገለበጣል፤ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ድንጋዩ መካከል ይወርዳል። እኔ ቤቴ ግማሽ ቀን የምደክምበትን አንድ ቁና፣ እዚያ አባታችን ሆይን አሥር ጊዜ ሳልደግም ይጨርሰዋል። አደነቅኩ። ግን ትከሻዬ በሌለበት ዱቄት ሲወርድ ማየት እንግዳ ነገር ሆነብኝ። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። ሌሎች ሴቶች ጥጥ ይፈትላሉ፤ እኔ እንዝርቴን እንኳ አላመጣሁም።

ከእኛ በፊት ሦስት ባለ ወረፋዎች ነበሩ። የመጨረሻው፣ ገብስ ያመጣ ረጅም ሰው፣ አራዶች ደግሞ ዱቄት ከሱቅ አትገዙም እንዴ ብሎ ቀለደብን። አማቴ፣ እኛ ዱቄት አናጣም፣ የመጣነው አንተን ለማየት ነው አሉት። ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀና ለአማቴ የተቀመጠበትን ድንጋይ ለቀቀላቸው።

የገብሱ ሰው ሲጨርስ ባለቤቴ ጠሩኝ። አስካለን ይዤ ወደ ታች ወርጄ መዘውሩን እንዳሳያት፣ ስመለስም አንድ ነገር እንደሚያሳዩኝ ነገሩኝ። ወረድኩ። አስካለ ውሃው ፊቷ ላይ ሲረጭ ትስቃለች። እኔ መቆም አቃተኝ። ልቤ ሳያርፍልኝ እጇን ጎትቼ ወጣሁ።

በሩ ሥር መሬት ላይ ነጩ ስልቻ ባዶውን ወድቋል። የአስካለ የክርስትና ልብስ ቅዳጅም አጠገቡ ተረግጧል። ወደ ሣጥኑ ቀና ስል ስንዴዬ መሐሉ ላይ ጎድጉዶ እየወረደ ነው።

ይቁም አልኩ። ድምፄን ውሃው ዋጠው። አቶ ሰይድ ቃሌን ባይሰሙም ፊቴን አዩና ሮጠው የቦዩን መዝጊያ ጣሉት። መዘውሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ ቆመ። 

ባለቤቴ እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ። «ትከሻሽ ይረፍ ብዬ ነው» አሉ። «ነጭ ዱቄት አድርገሽ እንድታስገቢው።»

በጋቢ ተጠቅልሎ የመጣው ይህ ነበር። ሌሊት ከአግዳሚው አውርደው የደበቁት ለእኔ ብለው ነው። መገበሪያ በሌላ ወፍጮ እንደማይፈጭ አያውቁም። ይህ የሴቶችና የካህናት ነገር ነው፤ እሳቸው ስልቻው ሲወጣ እንጂ ቤተ ልሔም ደርሶ ምን እንደሚሆን ተከትለው አያውቁም። እናታቸው ሲያስረዷቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ» አሉ አማቴ፣ «አንተ ሱሪህን ስፋ። ስለት በመኪና አይሰፋም።»

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ጺማቸው በስንዴዬ ዱቄት ነጥቶ ሳይ ተውኩት።  ሰባተኛው ዓመት እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው ብዬ አስካለን ያዝኳት፤ እጇ ሞቆኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ትኩሳት መስሎኝ ግንባሯን ደጋግሜ ዳሰስኩ።

ሣጥኑን ስናይ ግማሹ ተፈጭቷል። የቀረው ድንጋዩን አልነካውም፤ ግን ከሰውየው ገብስ ትርፍራፊ ጋር ተደባልቋል። አማቴ ጎንበስ ብለው አዩና ድንጋይ ያልነካው ፍሬ ያው ፍሬ ነው፣ ከገብሱ ከለየሽው ይሆናል አሉ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ፀሐዩን አየሁ። ብቻዬን ብለቅመው እስከ ነገ ማታ አልጨርስም፤ ዓርብ ያልፈኛል። ሌላ ሰው እንዳይረዳኝ ደግሞ ስለቴ በገዛ እጄ ነው።

ዘይነባ ወፍጮው በዚያ ሰዓት ሲቆም ሰምታ አታውቅምና ከቤቷ ሮጣ መጣች። በእኔ ዕድሜ ያለች ቀጭን ሴት ናት። ባሏ ነገሩን ሲነግሯት ሰማች፤ ሣጥኑን አየች፤ እኔን አየች።

«ስንዴውን የምትነኪው አንቺ ብቻ ነሽ አይደል?» አለችኝ።

አዎ አልኩ።

«እንግዲያ እኛ ገብሱን እንልቀም። ስንዴሽን አንነካብሽም።»

ሰፌድ በሰፌድ አወጣች። ሣጥኑ ያለውን ሁሉ አወረድን። ዱቄቱን ሊጭን የነበረው የገብሱ ሰው፣ እኔ መንገደኛ ነኝ፣ ከኋላችሁ የመጡትም ወረፋ ይጠብቃሉ፣ ወፍጮው እስከ መቼ ሊቆም ነው ብሎ አጉረመረመ። ዘይነባ ሰፌድ ፊቱ አስቀምጣ፣ የገባው የአንተ ገብስ ነው፣ መጥተህ ውሰደው አለችው። ተቀመጠ። ሌሎቹም እየሳቁ ተቀመጡ። ሁሉም እጁን አስታጠበችው፤ እሷም ታጠበች። እነሱ ገብሱን አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ጎን ይጥላሉ፤ የቀረውን እኔ እለቅማለሁ። ባለቤቴ መርፌ ክር ሲያገቡ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን አጥብበው ከሁሉ ይፈጥናሉ፤ ቀና ብለው ግን አያዩኝም። የገብሱ ሰው አንዴ ረስቶ ስንዴ ሲያነሣ አስካለ እጁን መታችው። ይቅርታ እመቤቴ አላት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ መሳቄ አስፈራኝ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጨረስን። በቁናው ብሰፍረው ወገቡ ድረስ አልደረሰም።

ጥቅምት በየቤቱ እህል የሚያጥርበት ወር ነው፤ አዲሱ ገና በማሳው ላይ ነው። ዘይነባ ገብታ አንድ እንቅብ ስንዴ ይዛ ወጣች። እስከ አጨዳው ሊያደርሳቸው የቀረ እህላቸው እንደሆነ ከባሏ ዓይን ገባኝ፤ እሳቸው ግን አልከለከሏትም። እንቅቡን እግሬ ሥር አስቀምጣ እጇን ሰበሰበች። አንቺው ዝገኚ፣ አንቺው ልቀሚ አለችኝ። እህል እህል ነው፣ ከምድር የወጣ ነው ብዬ ልቤን አስረዳሁት። ልቤም አንዴ ይሰማኛል፣ አንዴ አይሰማኝም። ብርሃን እስኪጠፋ ለቀምኩ፤ ቁናው ሞላ።

በእነሱ ቤት አደርን። የተፈጨውን ዱቄት ወደ ቤተ ክርስቲያን ልወስደው አልችል፣ ወደ ቤቴም ልወስደው ፈራሁ። ለዘይነባ ሰጠኋት። ቂጣ ጋግራ ገብስ ለለቀሙት ሁሉ አከፋፈለች። የገብሱ ሰው በልቶ፣ መርቆን ሄደ። ረቡዕ በመሆኑ ሥጋ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በቤቷ ያቀረበችልኝን ሁሉ ያለ ጭንቀት በላሁ። ቀኑን እግዚአብሔር የመረጠልኝ መሰለኝ። ባለቤቴ ብቻ ጥግ ይዘው አልበላም አሉ። ቂጣውን ቆርሼ በእጄ አጎረስኳቸው። ተቀበሉኝ። ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

ሐሙስ

በአራዳ ውሾቹና ደወሉ ይቀሰቅሱኛል፤ እዚያ የቀሰቀሰኝ አቶ ሰይድ መዝጊያውን ሲያነሡ የመጣው ውሃ ነው። የቤታችን ጤፍ በመጀመሪያ ወረፋ ተፈጨልን፤ የጠበቁት ሰዎች ራሳቸው ይቅደሙ ብለው ለቀቁልን።

ስልቻውን ላስር ስል የክርስትናው ቅዳጅ ተረግጦ ቆሽሾ ነበር። አስካለ ወንዝ ወርዳ አጥባዋለች፤ ግን አልደረቀም። ዘይነባ የሻሿን ጫፍ ቀድዳ ሰጠችኝ። ያን ጠዋት የአስካለን ፀጉር አበጥራ ሠርታላት ነበር፤ ስትሠራላት እጇ ይዘገይ ነበር። ልጅ እንዳላት አልጠየቅኋትም። እሷ ራሷ ነገረችኝ። አራት ወልዳለች፤ አንዱም አልቆየላትም።

አህዮቹ መንገድ ከጀመሩ በኋላ ተከተለችኝና እጄን ያዘች።

«እዚያ ስታስገቢው ስሜን ጥሪልኝ» አለችኝ።

«እጠራለሁ» አልኩ። ሳላስብ ነው ያልኩት። ባስብም ሌላ የምለው አልነበረኝም።

መንገዱ መልሶ ሲረዝም ነገሩ መጣብኝ። መገበሪያ የሚያስገባ ሰው የክርስትና ስሙን ይሰጣል፤ በዚያ ስም ይጸለይለታል። ዘይነባ የክርስትና ስም የላትም። በምን ስም ነው የምጠራት? አማቴን ጠየቅኋቸው። ቃል ስትሰጪ ይኼንን አላየሽም ወይ አሉኝ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ወለተ ማርያም ብለሽ ጥሪያት፣ እግዚአብሔር ያውቃታል አሉ። ጥሩ መሰለኝ። ከመቶ ዕርምጃ በኋላ ጥሩ አልመሰለኝም። በልቤ ብቻ ልጥራት አልኩ። እሱም ማታለል ሆነብኝ። ከጠዋት ጀምሮ ዝም ያሉት ባለቤቴ ያን ጊዜ ተናገሩ።

«ባልተጠራችበት ስም ከጠራሻት» አሉ፣ «የተጠራችው ሌላ ሴት ናት።»

አማቴ ዘወር ብለው አዩዋቸው። ዛሬ ደግሞ ካህን ሆነህ አደርክ አሏቸው፤ ግን አልተቃወሟቸውም።

ጣቢያው ጋ ስንደርስ አስካለ ደክሟት ተኝታለች። ባለቤቴ በአንድ ትከሻቸው ልጃቸውን፣ በሌላው ስልቻውን አድርገው ዳገቱን ወጡ። አህያው አለ፣ ይጫኑት ብላቸው እንቢ አሉ። ወደ አራዳ ስንገባ የሱቁ ጫጫታ፣ የሻጩ ጥሪ፣ የበቅሎው ኮቴ ሁሉ እንደ ወትሮው ነበር። ጎረቤቶቻችን በዱቄት ነጥተን አይተውን ወፍጮው ፈጫችሁ እንዴ ብለው ሳቁ። ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት አግዳሚውን ነው። ስልቻውን በቦታው ሰቅዬ፣ ሥሩ ቆሜ፣ ዘይነባ የሚለውን ስም በአፌ ደጋግሜ ሞከርኩት። በቤቴ ውስጥ ጠርቼው አላውቅም ነበር።

ዓርብ

በማግሥቱ ጠዋት ታጥቤ ነጭ ለብሼ ወጣሁ። ስልቻውን ባለቤቴ ተሸከሙ፤ ስድስቱንም ጊዜ ያስገባሁት እኔ ነበርኩ፣ እሳቸው ቤተ ልሔም ደጅ ደርሰው አያውቁም። አስካለ በመሐላችን ሄደች።

የቤተ ልሔሙ አባት ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ስንዴ የሚያውቁት በእጃቸው ነው። የሻሹን ቅዳጅ ፈትተው እጃቸውን ሰደዱ። አገላበጡት። ንጹሕ ነው አሉ። የማንን ስም ልያዝ ሲሉኝ የአስካለን፣ የባለቤቴን፣ የአማቴንና የራሴን የክርስትና ስም ነገርኳቸው።

«ሌላ አለ?»

ባለቤቴን አየኋቸው። መሬት መሬት አላዩም፤ ቀና ብለው እኔን ይጠብቁኝ ነበር።

«አለ አባቴ። ዘይነባ።»

እጃቸው ስንዴው ውስጥ እንዳለ ቆመ። የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። እንደሌላት ነገርኳቸው። የስንዴው እኩሌታ የእሷ እንደሆነ፣ ግን የለቀምኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እጇ እንዳልነካው ሁሉንም ነገርኳቸው። 

«የእሷ የትኛው ነው?» አሉኝ።

«አይለይም አባቴ።»

ጥቂት ፍሬ አንሥተው በመዳፋቸው ላይ አንከባለሉት፤ መልሰው ጣሉት። ከዚያ ስልቻውን አቅፈው አነሡና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ጎተራው ገለበጡት።

«እህሉን እኔ ተቀብያለሁ» አሉ። «በክርስትና የማላውቀውን ስም መጽሐፉ ላይ አላሰፍርም። ቃል የሰጠሽው አንቺ ነሽ፤ ስሟን አንቺ ጥሪው።»

ባዶውን ስልቻና የሻሹን ቅዳጅ ተቀብዬ በሴቶች በር በኩል ዞርኩ። ደጁን ተሳለምኩ። ሰው ብዙ ነበር፤ አጠገቤ የማውቃቸው ጎረቤቶቼም ነበሩ። መጀመሪያ ስለ አስካለ አመሰገንኩ። ቀጥዬ ድምፄን ሳልሸሽግ፣ ባሏ እንደሚጠሯት አድርጌ፣ ዘይነባ አልኩ። አስካለ ከእኔ በኋላ ደገመችው።